በሐረግ የታጠረችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ አውሬው ሁሉ በአንድ ጨፌ ዙሪያ ተጠጋግቶ በሚኖርበት ዘመን፣ አያ አንበሶ ከሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ ዘለው ወረዱ። ዘለው ወረዱ ስላችሁ ለአደን እንዳይመስላችሁ። ደንግጠው ነው። ከበላያቸው ካለው ግራር አንድ የደረቀ ፍሬ በነፋስ ተወዛውዞ ኩሽ ኩሽ አለ፤ እሳቸውም ጎፈራቸው ቆሞ፣ ጅራታቸውን ሸጉጠው፣ ውኃ ሊጠጣ በመጣው አውሬ ሁሉ ፊት መሬት ላይ ዱብ አሉ።

ማንም ትንፍሽ አላለም። ግማሹ ወደ ሰማይ፣ ግማሹ ወደ ሣሩ፣ ሌላው ወደ ገዛ ኮቴው ተመለከተ። በዚህ መሐል ግን አንዲት ሳቅ አመለጠች። ወዲያው የታፈነች አጭር ሳቅ ነበረች፤ ከማን አፍ እንደወጣች ያየ የለም። አያ አንበሶ ግን ሰምተዋታል።

«ማን ነው የሳቀው?» አሉ።

ዝም።

«ማን ነው የሳቀው ብያለሁ።»

አሁንም የወጣ የለም።

«እንግዲያው አውጫጭኝ ይሁን» ብለው ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ። ከመውጣታቸው በፊት ግን ሰረቅ አድርገው ግራሩን አዩት።

አውጫጭኝ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። በደል ደርሶ በዳዩ ሲሰወር አገሬው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይከተታል። ጥፋተኛው በስም እስኪወጣ ድረስ ንጹሑም አብሮ ታግቶ ይቀመጣል፤ ቤቴ፣ ከብቴ፣ ልጄ ማለት የለም። ሥርዐቱ የሰው ነው። አውሬዎቹ ከሰው ሌላ መልካም ነገር ለመማር ጊዜ አላገኙም መሰለኝ፣ ይችን ግን አጣርተው ተምረዋታል።

የሸንጎ ቀን ጥርስ አይሠራም የሚል ሕግ ስለነበራቸው ማንም ማንንም አልነካም። ዕረፍት ያገኘ ግን የለም። ከርከሮው ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሣል። ዝንጀሮው ያላሳከከውን ያክካል። ጅግሮቹ በአንድ ቦታ ዞረው ዞረው ሣሩን ጨረሱት። ፀሐይ ገባች፣ ወጣች፤ የተኛ የለም። ጎረቤት ጎረቤቱን «አንተ ነህ አይደል?» በሚል ዓይን ሲያየው ውሎ ማደር ከረሃብም ይብሳል።

በመጨረሻ አህያዋ ወደ ፊት ወጣች። ሆዷ ገፍቷል፤ ልትወልድ የቀራት ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ከሁሉ ይልቅ የደከማት እሷ ነበረች።

«ጌታዬ፣ ድፍረት አይሁንብኝና አንድ ነገር ልበል» አለች።

«በይ።»

«የሚፈራ በሚፈራ ላይ አይስቅም። የሳቀውን ከምንፈልግ እያንዳንዳችን የምንፈራውን እንናገር። የሚፈራው ነገር የሌለው ከተገኘ የሳቀው እሱ ነው።»

አያ አንበሶ ጢማቸውን አሻሹ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ከፍርዱ ይልቅ ለሌላ ጉዳይ ጣማቸው። በአገሩ ላይ እንዲህ ያለ የማይረባ ፍርሃት ያለው እኔ ብቻ ነኝ ወይ የሚል ሐሳብ ከትናንት ጀምሮ ሲበላቸው ነበር ያደረው።

«ከራስሽ ጀምሪ» አሏት።

አህያዋ ጆሮዎቿን ጣለች። «እኔ» አለች፣ «መንገድ ላይ የተጋደመ ረጅም ነገር መሻገር አልችልም። ገመድም ቢሆን፣ ሐረግም ቢሆን፣ እንደ ጭራዬ ቢቀጥንም እንኳ። ልሻገር ስል እግሬ መሬት ውስጥ ይተከላል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እንደማይነክሰኝ፣ እንደማይጥለኝ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ምንም አልረዳኝም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። አህያዋ ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ደንግጣ ዙሪያዋን አየች። የሳቀ ግን አልነበረም። ይልቁንም ጃርት እሾሁን እያንኮሻኮሸ ተነሣ።

«እኔ ደግሞ ስበላ የሚሰማውን ድምፅ እፈራለሁ። ኩርሽም ኩርሽም ሲል የራሴ ጥርስ ያስበረግገኛል። ምሳዬን ሁልጊዜ ከፏፏቴው ሥር የምበላው ለምን ይመስላችኋል?»

«እኔ እኮ ውኃውን ስለምትወድ መስሎኝ» አለ ከርከሮው፤ ቀጥሎም «እኔ ጉድጓዴ ስገባ ፊቴን ወደ ውስጥ ማዞር አልችልም፤ በቂጤ ነው የምገባው» ብሎ ቶሎ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው። ዝንጀሮው ዛፍ ላይ ሲወጣ ዓይኑን እንደሚጨፍን ተናገረ። ጅግሮቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ «እኛ ዝምታ ነው የምንፈራው፤ ዝም ካልን አንድ ነገር የሚመጣብን ይመስለናል» አሉ፤ ቀኑን ሙሉ ለምን እንደሚንጫጩ ያን ጊዜ ታወቀ። እናንተም አትሳቁ። ከመካከላችሁ እግሩን ከብርድ ልብሱ ውጪ አውጥቶ የማይተኛ፣ አሳንሰር ሲያይ ደረጃውን የሚመርጥ፣ የተከፈተ ቁም ሣጥን ሳይዘጋ የማያንቀላፋ ስንት እንዳለ አላጣሁትም።

ተራው ከአያ ጅቦ ደረሰ።

«እኔ የምፈራው ረሃብን ነው» አለ።

«እሱማ አመል እንጂ ፍርሃት አይደለም» አለ ዝንጀሮው።

«አይ፣ ፍርሃት ነው» አለ አያ ጅቦ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ። «ሆዴ ባዶ ሲሆን የማደርገውን አላውቀውም። ማንን እንደምነክስ አላውቅም። እሱን ነው የምፈራው።»

ጅብ ብልህ ነገር ይናገራል ብሎ የሚጠብቅ ስለሌለ ማንም ልብ አላለውም።

የመጨረሻዋ እመት ቀበሮ ነበረች። ከሁሉ ኋላ ተቀምጣ የእያንዳንዱን ፍርሃት እንደ አትራፊ ነጋዴ እየለቀመች አንድ በአንድ በልቧ ስትከትት ቆይታለች። ተነሥታ አንገቷን ሰበረች።

«እኔማ በዓለም ላይ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። የጌታዬን ቁጣ።»

አያ አንበሶ ደረታቸው ሰፋ። ጥሩ የተናገረችውን ማን ይጠረጥራል? የሳቀው አልተገኘም፤ ነገር ግን የማይፈራም አልተገኘም፤ ስለዚህ ሸንጎው ተፈታ። አውሬው ሁሉ ወደየቤቱ ሄደ። ያን ዕለት ብዙዎቹ ጥሩ እንቅልፍ ተኙ። እመት ቀበሮ ግን አልተኛችም፤ ሥራ ነበራት።

በማግሥቱ አያ ጅቦን ከወንዙ ማዶ ካለች ጥላ ሥር ጠራችው። ከፊቷ አንዲት የታነቀች ቆቅ ተጋድማለች።

«አያ ጅቦ፣ ይችን ቆቅ ላባዋን ንጭልኝ። ጥርሴን አሞኝ ነው።»

«ሁልጊዜ ጥርስሽን ያምሻል» አለ አያ ጅቦ።

«ምን ላርግ፣ ከእናቴ የወረስኩት ነው። ቆይ፣ ነፋሱ ወዴት ነው የሚነፍሰው?»

«ወደዚያ።»

«እንግዲያው እኔ እዚህ ልሁን» ብላ ጀርባዋን ሰጥታው ራቅ ብላ ተቀመጠች። ነጭቶ እስኪጨርስም ዞር አላለችም። አያ ጅቦ ለምን ብሎ አልጠየቀም። ለሱ ጥያቄ መጠየቅ ድንጋይ የመሸከም ያህል ነው።

«እህ» አለች ስትመለስ፣ «ያቺን ጥርስህን የሰበረችብህን አህያ አልረሳሃትም አይደል?»

አያ ጅቦ በምላሱ ድዱን ዳበሰ። ባለፈው ክረምት በአህያዋ ላይ ሲዘል የኋላ እግሯን አፉ ላይ አሳርፋለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥጋዋ ባማረው ቁጥር አፉ ያመዋል።

«ትራገጣለች» አለ።

«የምትራገጠው ጉልበት ሲኖራት ነው። ቀኑን ሙሉ በፍርሃት ቆማ የዋለች አህያ ምን ጉልበት ይኖራታል? በሸንጎው ላይ ያለችውን አልሰማህም?»

«የቱን?»

«አንተ መቼም። ስማ። ከኩይሳው አጠገብ ነው የምታድረው። ጎሕ ሲቀድ ቆማ ታንቀላፋለች። ያን ጊዜ አንድ ረጅም ሐረግ ጎትተህ ዙሪያዋን አጋድምላት። በቃ። አጥርም፣ ገመድም፣ ዘበኛም አያስፈልጋትም፤ ፍርሃቷ ይጠብቃታል። የማታው ጥላ ከኩይሳው እግር ሲደርስ ጉልበቷ አልቆ ታገኛታለህ።»

አያ ጅቦ ሐረጉን በሐሳቡ አንድ ጊዜ አዞረው። «ድርሻሽስ?»

«ጉበቷን ከሐረጉ ውጪ ወርውርልኝ፣ ሌላ አልፈልግም። ከሐረጉ ውስጥ ያለው ሁሉ ያንተ ነው።»

«ከሐረጉ ውስጥ ያለው ሁሉ የእኔ ነው» አለ አያ ጅቦ፣ እንዳይረሳው።

«ጎበዝ።»

«እስከዚያ ምን ልብላ ታዲያ? ከሸንጎው ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። ከቆቋ ትንሽ…»

«ቆቋ ለአንድ ሆድ ነች» አለች እመት ቀበሮ እየገመጠች። «አንተ ለነገ ማታ ሆድህን አዘጋጅ። ሲጠግቡ መጠበቅ አይከብድም፣ ሲርብ መጠበቅ ነው ሙያ።»

የሁሉን ፍርሃት በልቧ የከተተች ያች ብልህ፣ አንደኛው ፍርሃት አጠገቧ ቁጭ ብሎ ምራቁን ሲውጥ አላየችውም።

በበነጋው አህያዋ ጎሕ ሲቀድ ዓይኗን ገለጠች። ጤዛ በሣሩ ላይ ነበር። ሣር ልትግጥ አንድ እግሯን አነሣች፤ እንዳነሣችውም ቀረ። ከፊቷ ጥቁር ረጅም ነገር ተጋድሟል። ወደ ቀኝ ዞረች፤ እዚያም አለ። ወደ ኋላዋ ዞረች፤ እዚያም። ሐረጉ ዙሪያዋን አንድ ጊዜ ዞሮ ጫፍና ጫፉ ተደራርቧል።

ሐረግ እንደሆነ አውቃለች። ቅጠሉ እንኳ ሳይረግፍ አሁንም አረንጓዴ ነው። «ሐረግ ነው» አለች ለራሷ፣ «የተቆረጠ ሐረግ ነው፣ ተሻገሪው።» እግሯ ግን አልሰማትም። ጠጋ ስትል እግሯ ወደ ኋላ ይመልሳታል፤ ራቅ ስትል ከኋላዋ ያለው ይቀርባታል። ከመሐል ቆመች። ከመሐልም መቆም አልቻለችም፤ ፊቷን ወደ አንዱ ስታዞር ጀርባዋን ለሌላው ትሰጣለች። ስለዚህ ዞረች፣ ደግሞ ዞረች። ፀሐይ ከፍ ስትል በጠባቧ ክብ ውስጥ ያለው ሣር ተረጋግጦ አፈር ሆኗል።

ከወንዙ ማዶ፣ ከቁጥቋጦ ሥር፣ አንዲት ግራጫ ጀርባ ብቅ ስትል አየች። አያ ጅቦ ነው። አልመጣባትም። ቁጭ ብሎ ያያታል፤ ምራቁ ይንጠባጠባል፤ ወደ ኩይሳው የሚሳበውን ጥላ ያያል፤ ደግሞ ያያታል። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ገባት። እንዲህ ያለውን አያ ጅቦ ብቻውን እንደማያስበው፣ ምን እንደሚጠብቅም ገባት። ሆዷ ውስጥ ያለው ደግሞ የእናቱ ዙረት ዕረፍት ነስቶት መገላበጥ ጀመረ።

«አንተስ ምን በደልክ» አለችው። «እኔ ነኝ አፌን የከፈትኩት።»

በሸንጎው ቆማ የተናገረችበትን ሰዓት ረገመች። ብትደብቀው ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? ይህን እያለች እየዞረች ሳለ ነው ጅግሮቹ እየተንጫጩ በኩይሳው በኩል ያለፉት። አያ ጅቦ ያን ጊዜ ባዶ ሆዱን በውኃ ሊያታልል ወንዙን ተከትሎ ርቆ ነበር።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ያልፏት ነበር። አህያ ሣር ላይ ቆማ ብትታይ ምን ይደንቃል? ግን ከፊት የነበረችው ትልቋ ጅግሪት ሐረጉን አየች፤ ከዚያም አህያዋን አየች፤ ቆመችና ዝም አለች። የእሷን ዝምታ የሰሙ ሌሎቹ ደንግጠው አብዝተው ጮኹ።

«እትዬ አህዪት፣ ይኼ ሐረግ በራሱ እግር ነው የመጣው?»

«አይደለም» አለች አህያዋ። «ጥላው ከኩይሳው ሲደርስ አያ ጅቦ ይበላኛል።»

ጅግሮቹ ሐረጉን በየአፋቸው ነክሰው ሊጎትቱት ሞከሩ። ሐረጉ ጥቂት ሲንቀሳቀስ ግን አህያዋ እንደ እባብ አየችውና ልትወድቅ ደረሰች። «ተዉት፣ ተዉት፣ እባካችሁ አታንቀሳቅሱት» አለች። ጅግሪት ቆም ብላ አሰበች፤ ወዲያውም ወደ ፏፏቴው ሮጠች።

ጃርት ምሳው ላይ ነበር። ሰምቶ ሳይጨርስ ሥራ ሥሩን ጥሎ ተከተላት። ሐረጉን አሸተተ። «ይቆረጣል» አለ። ቀጠለና፣ «ግን ጠንካራ ነው፣ ይኮረሸማል» አለ። ድምፁ ቀጠነ። «ውኃው ደግሞ እዚህ የለም።»

«ጋሽ ጃርት» አለች ጅግሪት፣ «አንተ ቁረጥ፣ መንጫጫቱን ለእኛ ተወው። መቼም እሱ አይጠፋንም።»

ሐረጉን ከበው ክንፋቸውን እያርገበገቡ፣ አገር እስኪያስደነግጥ ድረስ ተንጫጩ። ጃርት ዓይኑን ጨፍኖ ነከሰ፤ የጥርሱ ድምፅ በጫጫታው ተዋጠ። አንድ ቦታ ቆረጠ። ከአህያ ወርድ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ሌላ ቦታ ቆረጠ። ጉማጁን በአፉ ይዞ ወደ ኋላው፣ ወደ ኋላው ሄደና አርቆ ጣለው። ከዚያ ብድግ ብሎ ባዶው ቦታ ላይ ተንከባለለ።

«አየሽ? እዚህ ጋ ምንም የለም። በር ነው።»

አህያዋ አየችው። አፈር ብቻ ነው። አንድ እግሯን አነሣች። ጃርት ፈቀቅ አለላት፤ ጅግሮቹ ደግሞ ዝምታው እንዳይመጣባቸው ቀስ እያሉ ማጉረምረማቸውን አልተዉም። አህያዋ አንገቷን ዘርግታ፣ ግራ ቀኟን ሳታይ፣ በበሩ ወጣች። ወጥታም አለቀሰች። ማንም ቻይ አላላትም።

ያን ጊዜ የማታው ጥላ ከኩይሳው እግር ደረሰ፤ ሣሩም ተንሻኮሸ። ሁሉም ከኩይሳው ጀርባ ተሸሸጉ።

የመጣችው እመት ቀበሮ ነበረች። ጉበቷን ለመቀበል ከባለ ግብዣው ቀድማ ደርሳለች። ሐረጉ አለ፤ አህያዋ ግን የለችም። «ኧረ ጉድ» አለችና ወደ ክቡ ውስጥ ዘላ ገባች፣ ዱካዋ ወዴት እንደሄደ ለማሽተት። አፍንጫዋን ከአፈሩ ላይ ሳታነሣ እስከ መሐል ደረሰች።

ጅግሮቹ ሲያርገበግቡ ከክንፋቸው የረገፈው ላባ በሐረጉ ዙሪያ በሣሩ ውስጥ ተኝቶ ነበር። የማታው ነፋስ ተነሣ። ላባው በቀስታ ከሣሩ ላይ ተነሣና ነጠብጣቡን እያሳየ፣ እየተንሳፈፈ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱም ከእመት ቀበሮ አፍንጫ ፊት መዞር ጀመረ።

እንግዲህ አሁን ልንገራችሁ፤ ጥርሷን አሟት አያውቅም። እመት ቀበሮ ላባ ትፈራ ነበር። ወፏን ሳይሆን ላባውን፤ ያውም በአየር ላይ የሚንሳፈፈውን። ቆቅና ጅግራ ስትበላ የኖረች ቀበሮ ላባ ትፈራለች ቢባል ማን ያምናል? ለዚህም ነው ለማንም ተናግራ የማታውቀው። አራት እግሯ እንደ ካስማ ተተከለ።

አያ ጅቦ ደረሰ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል።

«አህያዋስ?»

«አመለጠች። ደክሟታል፣ ሩቅ አልሄደችም፣ ሩጥና ያዛት» አለች እመት ቀበሮ። ምላሷ እንደ ልማዷ ይሠራል፤ እግሯ ብቻ ነው እምቢ ያለው።

አያ ጅቦ ዙሪያውን ቃኘ። ከኩይሳው ጎን የአህያ ጆሮ አየ፤ ከጆሮው ፊት ግን የጃርት እሾህ ተደርድሮ ቆሟል። ድዱን በምላሱ ዳበሰ። ወደ ክቡ ተመለከተ።

«ከሐረጉ ውስጥ ያለው ሁሉ የእኔ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ስለ አህያዋ ነው እኮ ያልነው።»

«ስለ አህያ አላልሽም። ያለው ሁሉ ነው ያልሽው። ቀኑን ሙሉ ስለው ስለዋልኩ አልረሳሁትም።»

«አያ ጅቦ፣ እኔ ወዳጅህ ነኝ።»

«ወዳጄ ከሆንሽ ውጪ። አልታሰርሽም፣ በሩም ክፍት ነው። ከሐረጉ ስትወጪ አልነካሽም።» ሐቀኛ ነበር፤ ረሃቡም ሐቀኛ ነበር። «ቶሎ በይ ግን። በሸንጎው ለሁላችሁም ነግሬያችሁ ነበር፣ ሲርበኝ የማደርገውን አላውቀውም።»

እመት ቀበሮ አልተንቀሳቀሰችም። ጃርት ከኩይሳው ጀርባ ሆኖ፣ «ተንኮል ነው፤ ሌላ ነገር አስባ ነው» ብሎ አንሾካሾከ። ጅግሮቹም አዎን አሉ። አህያዋ ግን የቀበሮዋን እግሮች አየች። እነዚያን እግሮች ታውቃቸዋለች። ከጠዋት ጀምሮ የራሷ ነበሩ።

አንገቷን ብቅ አደረገች። «እመት ቀበሮ፣ ምንድን ነው የፈራሽው?»

«ምንም» አለች ቀበሮዋ።

«ንገሪን፤ እናነሣልሻለን። ሐረጉ ነው?»

«ምንም አልፈራም ብያለሁ።»

አያ ጅቦ በበሩ ገባ።

«እባክሽ ንገሪን» አለች አህያዋ። «በአንድ ቃል ነው። ማንም አይስቅብሽም።»

እመት ቀበሮ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ግን ዓይኗ በጅግሮቹ ላይ ወደቀ። ዕድሜዋን ሙሉ ስታሳድዳቸው የኖረቻቸው ጅግሮች አንገታቸውን አስግገው ይሰሟታል። ነገ ላባቸውን በአፋቸው ይዘው ሲዞሩ፣ ሕፃናቱ ሁሉ «ቀበሮ ላባ ትፈራለች» እያሉ ሲስቁ ታያት። እሷ በእነሱ ቦታ ብትሆን እንዴት እንደምትስቅ ታውቃለችና፣ ሌላው የማይስቅ መሆኑን ልታምን አልቻለችም። አፏን ዘጋች።

አንዲት ትንሽ ላባ ዞራ ዞራ ከግንባሯ ላይ አረፈች።

አያ ጅቦም ውሉን አከበረ።

አህያዋ ፊቷን አዞረች። ጅግሮቹም ያን ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ለረጅም ሰዓት ዝም አሉ። የሳቀችው በሸንጎው እውነተኛ ፍርሃቷን የደበቀችው እመት ቀበሮ መሆኗ በማግሥቱ ለአያ አንበሶ ሲነገራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተቆጡም። «እሷም ትፈራ ኖሯል?» ብለው ብቻ ጠየቁ። «ምን ነበር የምትፈራው?» አሉ ደግሞ። ያን ሊመልስላቸው የቻለ አልነበረም።

አህያዋ ሳይቆይ ወለደች። ውርንጭላዋ ያን የተቆረጠ ሐረግ ወዲህና ወዲያ እየዘለለ ሲጫወትበት እሷ ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች፤ እስካሁንም አልተሻገረችውም። ግራሩ በነፋስ ሲወዛወዝ ጅግሮቹ ከሥሩ ሄደው ይንጫጫሉ፤ አያ አንበሶም ፍሬው ይንኮሻኮሽ አይንኮሻኮሽ ሳይሰሙ ይተኛሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ በሌላው ፍርሃት የሚስቅ የራሱን መናገር በሚያስፈልገው ቀን አፉን የሚዘጋው ያው የገዛ ሳቁ መሆኑን ነው።